ቦራ ሊሸጥ ያደረበት ማታ፦ የአጭር ፊልም ድባብ ከምን ይሠራል?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ያለ ገጠር ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ልጅቷ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ ነገ ትሄዳለች። ለመሳፈሪያ፣ ለልብስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወጪ ብር ያስፈልጋል። አባትየው ጥማድ በሬ አለው። ከሁለቱ አንዱን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራን፣ በጠዋት ገበያ ሊያወጣው ወስኗል። ለልጅቷ አልነገራትም።

በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ስድስት ደቂቃ የሚሆን አጭር ፊልም ነው ብላችሁ አስቡት። ማታ ይጀምራል፣ በማግስቱ መናኸሪያ ላይ ያበቃል።

ይህን ታሪክ ለብዙ ጀማሪ ፊልም ሠሪ ብትሰጡት መጀመሪያ የሚጽፈው ንግግር ነው። አባትየው ለጎረቤቱ «ምን ላድርግ፣ ቦራን ልሸጠው ነው፤ ልቤ ግን እንቢ አለኝ» ይላል። ልጅቷ ከበር ጀርባ ሆና ትሰማለች። ማሲንቆ ይገባል። እንባ ይወርዳል። ተመልካቹ ነገሩን ሁሉ ተረድቶታል። ግን ምንም አልተሰማውም። ሁሉም ተነግሮት አለቀ፤ እሱ ራሱ የሚደርስበት ነገር አልቀረለትም።

ፊልም ላይ ድባብ የምንለው ነገር ከላይ የሚነሰነስ ቅመም ይመስላቸዋል ብዙዎች። ታሪኩ አንድ ነገር፣ ድባቡ ሌላ ነገር ይመስላቸዋል። እኔ እንደዚያ አላምንም። ካሜራው የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተሰማና ምን እንዳልተሰማ፣ ሾቱ (ካሜራው ሳያቋርጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ) መቼ እንደተቆረጠ፣ እነዚህ ምርጫዎች ናቸው ታሪኩን የሚሠሩት። አጭር ፊልም ላይ ደግሞ ይብሳል። የሰዓት ተኩል ፊልም ከሰዎቹ ጋር ቀስ ብሎ ያለማምዳችኋል። ስድስት ደቂቃ ያለው ሰው ይህ ጊዜ የለውም። እያንዳንዱ ሾት ሁለት ሦስት ሥራ መሥራት አለበት።

ስለዚህ ይህችን የቦራን ታሪክ ይዘን አንድ በአንድ እንያቸው።

ካሜራው የት ይቁም?

አባትየው በረቱ ደጃፍ ቆሞ ለቦራ ጭድ ይሰጠዋል። ድርጊቱ ይኸው ነው። አሁን ካሜራውን ከሩቅ አቁሙት። ሰውየው ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከኋላው ጎጆው፣ ከጎጆው በላይ የጮቄ ተራራ ሰንሰለት፣ ከዚያ በላይ እየመሸ ያለ ሰማይ። ይህ ዋይድ ሾት ነው። የሚናገረው ስለ ሰውየው ብቻ አይደለም፤ ስለ አገሩም ነው። እንዲህ ያለ ቤት፣ እንዲህ ያለ ማታ፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ በዚህ ሸንተረር ሁሉ ላይ አለ ይላል።

አሁን ካሜራውን አስጠጉት። የሚታየው የሰውየው እጅና የበሬው ጫንቃ ብቻ ይሁን። ቀንበር ስንት ክረምት የፈተገው ቦታ አለ፤ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ቆዳው ደድሯል። እጁ እዚያ ላይ ያርፋል። መዳፉም እንደዚያው የደደረ ነው፤ እርፍ የያዘ እጅ ነው። ይህ ክሎዝ አፕ ነው። ሰውና በሬ አብረው ያረሱትን ዓመታት አንድ ቃል ሳይወጣ ይነግረናል። ድርጊቱ ያው ጭድ መስጠት ነበር። የካሜራው ርቀት ሲለወጥ ግን የታሪኩ ጉዳይ ተለወጠ።

ከርቀቱ ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ወደ ላይ መቅረጽ ሰውን ያገዝፋል፣ ከላይ ወደ ታች መቅረጽ ያሳንሳል ይባላል። እውነትነት አለው፤ ግን ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። እኔ ይህን ትዕይንት ብቀርጸው ካሜራውን በበሬው ዓይን ቁመት ነበር የማቆመው። ያኔ አባትየው ጭዱን ለመስጠት ጎንበስ ሲል ፊቱ ከበሬው ፊት ጋር እኩል ይሆናል። ጌታና ከብት መሆናቸው ለአፍታ ይቀራል። ሁለት የደከማቸው ፍጡሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። እዚህ ጋ ካሜራው ማንንም አላገዘፈም፣ ማንንም አላሳነሰም፤ እኩል አደረጋቸው። ሥራው ያ ነበር።

በስልክ ለምትቀርጹ አንድ ነገር ልጨምር። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ነው። ፊት ላይ ተጠግታችሁ ስትቀርጹ አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ለፊት ክሎዝ አፕ ወደ ኋላ ራቅ በሉና፣ ስልካችሁ ሁለተኛ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ራቅ ብሎ ማቅረብ ሌላም ጥቅም አለው። ከአባትየው በብዙ እርምጃ ስትርቁ የእሱ ርቀት ብዙ ተለወጠ፤ የጮቄ ርቀት ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሰውየውን በሌንሱ ወደ መጀመሪያው መጠኑ ስታመጡት ተራራው አብሮ ይገዝፋል፤ ጫንቃው ላይ የወጣ ይመስላል። ያው ሰው፣ ያው ተራራ ነው። በሰፊው ሌንስ ተራራው ሩቅ ጌጥ ነበር፤ አሁን ሸክም ሆነ።

ከሁሉ በላይ ግን የምወደው የበሩ ሾት ነው። ካሜራው ግቢ ውስጥ ነው። አባትየው ቅርብ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶናል፣ ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ከእሱ ባሻገር በሩ ክፍት ነው። በመቃኑ ውስጥ ልጅቷ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ሻንጣዋን ስታስተካክል ጥርት ብላ ትታያለች። ሁለቱ አንድ ፍሬም ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን መቃን አለ። አንዱ ያውቃል፣ አንዷ አታውቅም። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ከአባትየው ጋር ውጭ ቆመናል፤ ምስጢሩን ከእሱ ጋር ይዘናል። ካሜራውን ወደ ቤት አስገብታችሁ ከልጅቷ ጎን ብታቆሙት ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ያኔ እኛም እንደ እሷ የማናውቅ እንሆናለን፤ አባትየው ደጅ ያለ ጥላ ብቻ ይሆናል። ማንኛውን እንደምትመርጡ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ተመልካቹ በዚህ ደቂቃ ከማን ጋር እንዲሆን ነው የምትፈልጉት?

ስለ ካሜራ እንቅስቃሴ ብዙ አልልም። ብዙ ጀማሪ ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰው ፊልም እንዲመስልለት ነው። ምክንያት ሲኖር ይንቀሳቀስ። እዚህ ፊልም ላይ ማታውን ሙሉ ካሜራው በትራይፖድ ረግቶ ቢቆም፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ደግሞ በእጅ ተይዞ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ቤቱ የረጋ ነገር እንደነበርና አሁን እንደተነቃነቀ ማንም ሳይናገር ይሰማል።

የጎጃም ፀሐይና የአንድ ቤት እሳት

ብርሃን ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ አገር ለሚቀርጽ ሰው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና።

ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ይህ ማለት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች። በሌላውም ወር ቢሆን ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ከፍ ብላ ነው የምትውለው። ብርሃን ከአናት ሲመጣ ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፤ ዓይን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ተዋናዩ የፈለገውን ያህል ቢችል፣ ዓይኑ ካልታየ ምን ዋጋ አለው? በቀትር ማሳ መሃል አቁማችሁ የቀረጻችሁት ሰው ጨካኝ ወይም በሽተኛ ቢመስል አትደነቁ። ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ ግን መልካም ነው። ገበያው ላይ ቦራ ዋጋ ሲወጣለት የሚያሳይ ሾት ቢኖረን የቀትር ፀሐይ ነበር የምንፈልገው። ርኅራኄ የሌለው ብርሃን ነው።

ሁሉም የሚወደው ያ ወርቃማ ብርሃን ደግሞ እኛ ዘንድ ቶሎ ያልፋል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ፀሐይ በሰያፍ ቀስ እያለች ነው የምትጠልቀው፤ እኛ ዘንድ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ያ ለስላሳ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝም ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይጨልማል። ስለዚህ ልምምዱ በ10 ሰዓት ማለቅ አለበት። 11 ተኩል ላይ ካሜራው ቦታውን ይዞ፣ ተዋናዩ ጋቢውን ለብሶ፣ በሬው ታስሮ መጠበቅ አለባችሁ። ያኔ «ቆይ ይህን ሌንስ ልቀይር» የሚባል ነገር የለም።

ጋቢ ካልን አይቀር፣ ጋቢና ነጠላ ለካሜራ ፈተና ናቸው። ነጭ ጥጥ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ የእኛ ፊት ጠይም ነው። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተዋችሁት ከሁለት አንዱን ያበላሻል። ወይ ጋቢውን ለማዳን ሲል ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ወይ ፊቱን ለማሳየት ሲል ጋቢው ነጭ እሳት ሆኖ ሽመናውም ጥለቱም ይጠፋል። ስልክ ላይ ፊቱን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ በብዙዎቹ ስልኮች ብርሃኑም ፎከሱም እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ ብርሃኑን በጥቂቱ ቀንሱት። ሰውየውን ወደ ጥላ ዞር ብታደርጉት ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል። ሌላም ዘዴ አለ። አንድ ረዳት ከፍሬሙ ውጭ ትርፍ ጋቢ ዘርግቶ ይያዝ፤ ከጋቢው የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ያወጣዋል። ገዝታችሁ የምታመጡት መሣሪያ አያስፈልግም።

አሁን ቤት እንግባ። መሽቷል። እሳት ይነዳል፣ አባትየው ከጎኑ ተቀምጧል። እሳቱ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ የፊቱ ግማሽ በርቷል፣ ግማሹ ጨለማ ነው። ተመልካች ግማሹ የጨለመ ፊት ሲያይ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ይህ ሰው የያዘው ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። ልጅቷ ደግሞ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ትቀመጥ። ፊቷ ሙሉ ነው፤ የምትደብቀው የላትም። እንዲህ በአቀማመጥ ብቻ የሚያውቀውንና የማታውቀውን ለያችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ገጠር ሲቀረጽ ኩራዝ ይገባል፤ ቆንጆ ነዋ። ግን ዛሬ ብዙ የገጠር ቤት ውስጥ የምታገኙት የሶላር መብራት ነው። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ። ለውበት ብላችሁ አውጥታችሁ አትጣሉት። የሰዎቹ እውነተኛ ኑሮ እሱ ነው። ደግሞም ለዚህ ታሪክ ከኩራዝ ይሻላል። አባትየው በእሳቱ ብርቱካናማ ብርሃን ውስጥ፣ ልጅቷ ደግሞ በሶላሩ ነጭ ብርሃን ሥር፣ ሻንጣዋን ይዛ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓለም። እሷ ወደምትሄድበት ወደዚያኛው ቀለም ገብታለች።

ይህ እንዲሠራ ግን ካሜራው መገደብ አለበት። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የሻማ ነበልባል 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ የቀን ብርሃን 5,500 አካባቢ። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ካሜራ በራሱ ሲሠራ ሁሉንም ነጭ ለማድረግ ይጥራል። እሳቱን አይቶ «ይህ በጣም ቢጫ ነው» ብሎ ያነጣዋል፤ ሙቀቱ ይጠፋል። ከሾት ሾትም ቀለሙ ይለዋወጥባችኋል። ፕሮ ሞድ (በእጅ ማስተካከያ) ያለው ስልክ ወይም የቀረጻ አፕ ካላችሁ ዋይት ባላንስ የሚለውን አንድ ቁጥር ላይ ቆልፉት። የአንድ ትዕይንት ሾት ሁሉ በዚያው ይቀረጽ።

ስለ ሌላው ቀለም ባጭሩ። ኅዳር የሰጠን የጤፍ ቢጫ፣ የአፈር ቡኒ፣ የጋቢ ነጭ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል የልጅቷ አዲስ ሻንጣ ደማቅ ቀይ ቢሆን ዓይን በየሾቱ ይፈልገዋል። አንድ ነገር ብቻ ይድመቅ። አምስት ነገር ካደመቃችሁ የደመቀ የለም።

የሚሰማውና የማይሰማው

ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባና የሚንሿሿ ድምፅ ግን አይታገሥም። ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው። ድምፅ ትርጉም እንደሚሠራ የሚያስብበት ግን ጥቂት ነው።

ቦራ ማታ ተኝቶ ያመሰኳል። ያንን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ግርጭ ግርጭ የሚል። በረቱ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ቤት ውስጥ ለተኛ ሰው ይሰማል። ይህን ድምፅ ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምራችሁ ከታች አኑሩት። ልጅቷ ስትተኛ ይሰማ። አባትየው እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ይሰማ። ማንም አያስተውለውም፤ የቤቱ አካል ይሆናል። በጠዋት ቦራ ከሄደ በኋላ ያንኑ ቤት ስታሳዩን ድምፁ የለም። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ግን ይጎድልበታል። አንድ ነገር ጠፋ ለማለት አስቀድሞ መኖሩን ማሰማት ያስፈልጋል። ዝምታውን የሠራችሁት በጠዋት አይደለም፤ ማታ ነው።

ዝም ያለ ቤትም ቢሆን የራሱ ድምፅ አለው። ነፋስ፣ የእሳት ፍም፣ ሩቅ ያለ ውሻ። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዜሮ ካደረጋችሁት ተመልካቹ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ በቀረጻችሁበት ቦታ ሁሉ፣ ሁሉም ሰው ጸጥ ብሎ፣ የአንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቅዱ። ኤዲቲንግ ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ወደ ሙዚቃው ልምጣ። የእኛ ፊልሞች ዋሽንትና ማሲንቆን በጣም ያደክማሉ። ሐዘን በመጣ ቁጥር ትዝታ ቅኝት ይገባል። ሙዚቃው ቀድሞ ያለቅሳል፤ ተመልካቹ ይከተል ዘንድ ይታዘዛል። ትዝታ ጥልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ መርከስ የለበትም። ከታሪኩ ውጭ በላዩ ላይ የሚጫን ሙዚቃ አለ፤ ገጸ ባሕርያቱ አይሰሙትም። ከታሪኩ ውስጥ የሚመጣ ሙዚቃም አለ፤ እነሱም ይሰሙታል። ከማዶ አንድ እረኛ ከብቱን እየመለሰ ዋሽንት ቢነፋ፣ ድምፁ ሄድ መጣ እያለ ቢሰማ፣ አባትየውም ጭዱን ይዞ ለአፍታ ቆም ብሎ ቢያዳምጥ፣ ያ ሙዚቃ የአገሩ ነው። አልቅሱ አይለንም። እረኛው ስለ ቦራ የሚያውቀው የለም፤ የራሱን ማታ ነው የሚነፋው። ሐዘኑ የሚበረታው በዚህ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ንጋት ላይ ከሩቅ የሚሰማ ማኅሌት ለጎጃም ተመልካች ጌጥ አይደለም፤ ዜና ነው። ዛሬ በዓል ነው ይለዋል። በዓል ከሆነ ደግሞ ሰውየው በጠዋት በሬ ነድቶ ገበያ ምን ሊያደርግ ወጣ? ታሪኩን ወደ መጋቢት ብታዞሩትና ዐቢይ ጾም ውስጥ ከበሮ ብታሰሙ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነኩም። አንድ የሞጣ ወይም የደብረ ወርቅ እናት ይህን ስትሰማ ከፊልሙ ውስጥ ወጣች ማለት ነው። መልሳችሁ አታገቧትም።

ድምፅ ከምስል ሊቀድምም ይችላል። ልጅቷ ተኝታለች፤ ፊቷ በስክሪኑ ላይ ነው። ገና እሷን እያየን የገበያው ጫጫታ ይጀምራል። የከብት ጩኸት፣ «ስንት አልክ?» የሚል ድምፅ፣ የዱላ ኳኳታ። ሦስት አራት ሰከንድ ቆይቶ ነው ምስሉ ወደ መንገዱ የሚቆረጠው። በዚያች ሰከንድ ገበያው የሷ እንቅልፍ ውስጥ ገብቷል። እሷ ሳታውቅ ስለ እሷ እየተነጋገሩ ነው። ይህ የሆነው ኤዲቲንግ ላይ የገበያውን ድምፅ ከምስሉ ጥቂት በማስቀደም ብቻ ነው።

ሁለት ሾት ጎን ለጎን

ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሶቪየት ፊልም ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ስሙን ያስጠራ ሙከራ አደረገ። የአንድ ታዋቂ ተዋናይ ፊት ወሰደ፤ ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አጋጠመው። ተመልካቾቹ ሰውየው እንደራበው፣ እንዳዘነ፣ እንደተመኘ አዩ፤ ትወናውንም አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ስሜቱ ያለው ፊቱ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ሾቶች መጋጠሚያ ላይ ነበር፤ የሠራውም ተመልካቹ ራሱ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ የቅኔ ቤቶች ሲዘረፍ የኖረው ቅኔ እንዲህ ነው የሚሠራው። ባለ ቅኔው ሰሙን ያቀርባል፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው። ወርቁን ራሱ አውጥቶ ካስረዳ ቅኔው ፈረሰ። ፊልም ላይ የሁለት ሾት መጋጠሚያ እንዲሁ ነው።

ወደ ቦራ እንመለስ። አባትየው ዝም ብሎ ያያል። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ቀንበር። ቀንበር ለሁለት በሬ ነው የሚሠራው፤ በአንዱ በኩል የእሳቱ ብርሃን ይወድቅ፣ ሌላው በኩል ጨለማ ይሁን። ከዚያ እንደገና የአባትየው ፊት። ገበሬ የሆነ ተመልካች ወዲያው ይገባዋል። ለከርሞ መቀናጆ፣ ከቀረው በሬ ጋር የሚጠመድ የሌላ ሰው በሬ፣ ፍለጋ የሰው ደጅ ሊጠና ነው ይላል። ገበሬ ያልሆነውም ሰው አንድ ነገር ሊጎድል መሆኑን ያያል። ተዋናዩ ፊቱን ማጨማደድ አላስፈለገውም። እንዲያውም ባያጨማድድ ይሻላል። ብዙ ተዋንያኖቻችን ከመድረክ የመጡ ናቸው፤ መድረክ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ መድረስ አለበት። ካሜራው ግን ከፊታቸው አንድ ሜትር ላይ ነው። «ያነሰ አድርግ፣ አሁንም ያነሰ» በሏቸው።

ሾቱ ስንት ሰከንድ ይቆይ? የአባትየውን ፊት ሦስት ሰከንድ ካሳያችሁን መረጃ ነው፤ ሰውየው እያሰበ ነው እንላለን። አሥራ ሁለት ሰከንድ ካቆያችሁት ሌላ ነገር ይሆናል። አምስተኛው ሰከንድ ላይ መቆረጥ ነበረበት ብለን እንጠብቃለን። አይቆረጥም። ስምንተኛው ላይ መቁነጥነጥ እንጀምራለን። አሥረኛው ላይ የዓይኑ ሽፋን ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ ከእሱ ጋር መጠበቅ ጀምረናል። የሚያስፈራው እዚህ ላይ መታገሡ ነው። ኤዲት የሚያደርግ ሰው መቶ ጊዜ ስላየው ይሰለቸዋል፤ ይቆርጠዋል። ተመልካቹ ግን የሚያየው አንድ ጊዜ ነው።

አንድ የቴክኒክ ጉዳይ በፍጥነት። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘረጋ መስመር እንዳለ አስቡ። ካሜራው ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን። ከተሻገራችሁ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፤ ተመልካቹ ይምታታበታል። ማምታታቱን ፈልጋችሁ ከሆነ ብቻ ተሻገሩ።

በዚህ ፊልም ውስጥ የሚነገረው ንግግር ይህ ብቻ ቢሆን ይበቃል።

«በልተሻል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በደንብ ብዪ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

ስለ በሬ የተባለ የለም። በበሩ፣ በእሳቱ፣ በቀንበሩ በኩል ግን ተመልካቹ ሁሉንም ስለያዘ «በልተሻል?» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ንግግር ክብደት የሚያገኘው የቀረውን ሌላው ነገር ሲሸከምለት ነው።

ያልታየው ሽያጭ

ሽያጩን አናሳይ። ጠዋት አባትየው ቦራን እየነዳ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል። ካት። መናኸሪያ። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ሚኒባሱ አጠገብ ቆማለች። አባትየው ከሰው መሃል ይመጣል። ብሩን በእጇ ያስይዛታል። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ። ገዢው በራሱ ገመድ ነው የወሰደው፤ ይህኛው ቀርቷል።

ልጅቷ ገመዱን ታያለች። ከዚያ እሱን ታየዋለች። እዚህ ላይ ካሜራው ያንን ከአባት ወደ ልጅ የተዘረጋውን መስመር ይሻገር። ፊልሙን ሙሉ ከአንድ ወገን ስናያቸው ቆይተን አሁን ከሌላው ወገን ስናያቸው መሬቱ የዞረ ይመስላል። ለእሷም ዞሮባታል።

ይህ መጨረሻ የሚሠራው ግን ገመዱን የምናውቀው ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደቂቃ ቦራን የምታስረው ልጅቷ ትሁን። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ በአሮጌ ሰማያዊ ጨርቅ የተቀጠለ ይሁን፤ ያንን ቦታ ስትጨብጥ እጇን በቅርብ አሳዩን። ሁለት ሰከንድ በቂ ነው። በዚያን ሰዓት ተመልካቹ ገመድ አየ እንጂ ሌላ አይልም። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ያቺ ሰማያዊ ጨርቅ አባትየው ትከሻ ላይ ስትታይ ግን የሚነግረው ሰው አይፈልግም።

ፊልሙን ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ታሪኩ ካልተያዘ የምስሉ ሥራ አላለቀም። ከዚያ ምስሉን ሸፍናችሁ ስሙት። ማታና ጠዋቱ በድምፅ ብቻ ካልተለዩ የድምፁ ሥራ አላለቀም። በመጨረሻ ስክሪፕቱን ለማያውቅ አንድ ሰው አሳዩት። «እንዴት ነው፣ ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ያምራል ይላችኋል። «ምን ሆነ?» በሉት። «አባቱ ልጁን ሸኛት» ካለ ገመዱ አልታየውም። ያኔ መናኸሪያ ተመልሳችሁ ገመዱን ለማጉላት፣ ወይም ለአባትየው ንግግር ለመጨመር አትሩጡ። መናኸሪያውን እንዳለ ተዉት። ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ደቂቃ፣ እጇ ጨርቁን የጨበጠበትን ሾት፣ እንደገና ቅረጹ።